«እሺ» እያሉ ውስጥ ውስጡን መብገን ይብቃ፦ ሳይጮሁም ሳይፈሩም በግልጽ መናገር እንዴት ይለመዳል?

የሥራ ባልደረባችሁ ከሦስት ወር በፊት «ደሞዝ ሲወጣ እመልሳለሁ» ብሎ 3,000 ብር ተበደረ እንበል። ደሞዝ ሦስት ጊዜ ወጣ፤ ብሩ ግን አልተመለሰም። በየቀኑ ሻይ አብራችሁ ትጠጣላችሁ፣ ስለ ኳስ ታወራላችሁ። ስለ ብሩ ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። ምን ታደርጋላችሁ?

አብዛኞቻችን ከአራት መንገዶች አንዱን እንይዛለን።

አንደኛው ሰው ዝም ይላል። «ለ3,000 ብር ብዬማ ወዳጅ አላስቀይምም» ይላል፤ ሆዱ ግን ይበግናል። ሁለተኛው ሲጠራቀምበት ቆይቶ አንድ ቀን ሰው ፊት «አንተ ሌባ ነህ እንዴ?» ብሎ ይፈነዳል። ሦስተኛው ያኮርፋል፤ ሰላምታ ይቀንሳል፤ የሻይ ሒሳብ ሲመጣ «እሱ ይክፈል፣ የሰው ብር ይዞ የለ!» እያለ በአሽሙር ይወጋል። አራተኛው ለብቻው ጠርቶ እንዲህ ይለዋል፦

«ወንድሜ፣ ከሦስት ወር በፊት የወሰድካት 3,000 ብር እስካሁን አልተመለሰችልኝም። የቤት ኪራይ መክፈያዬ ስለደረሰ ጨንቆኛል። እስከ ዓርብ እንድትመልስልኝ እፈልጋለሁ። ባንዴ ከከበደህ ደግሞ ለሁለት ከፍለን እንነጋገር።»

ስድብ የለበትም፤ ልመናም የለበትም። የሆነውን፣ የተሰማውንና የሚፈልገውን ተናገረ፤ በቃ። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ይህን ዓይነቱን አነጋገር «አሰርቲቭ» ይሉታል። በአማርኛ ቁርጥ ያለ አንድ ቃል ባይኖረውም «ረገጥ አድርጎ መናገር» የምንለው ይቀርበዋል፤ ግን አክብሮት የታከለበት ረገጥ ማድረግ ነው። ዝምተኛው የሌላውን ስሜት ጠብቆ የራሱን መብት ይጥላል። ተቆጪው የራሱን ይዞ የሌላውን ክብር ይረግጣል። አኩራፊው ሁለቱንም ያጣል፤ ብሩም አልተመለሰ፣ ወዳጅነቱም ሻከረ። አራተኛው ሁለቱንም ለመያዝ ይሞክራል።

■ ተፈጥሮ ነው ወይስ ልማድ?

«እኔ በተፈጥሮዬ ዓይን አፋር ነኝ፤ ምን ላድርግ?» የሚል ብዙ ነው። እውነት ነው፣ ሰው በጠባዩ ይለያያል። ግን በግልጽ የመናገር ችሎታ እንደ መኪና መንዳት በልምምድ የሚመጣ ነገር ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ አንድሩ ሳልተር እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ስሜታቸውን አምቀው የሚኖሩ ሰዎች ስሜታቸውን በቃል እንዲያወጡ በማለማመድ ማከም እንደሚቻል ጻፈ። ደቡብ አፍሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆሴፍ ዎልፒም በ1958 ሐሳቡን አሰፋው። ረገጥ አድርጎ መናገርና ፍርሃት አብረው አይሄዱም፤ ስለዚህ ሰው ከቀላሉ ጀምሮ ወደ ከባዱ እየወጣ ቢለማመድ ፍርሃቱ እየለቀቀው ይሄዳል ባይ ነበር። በ1970 ደግሞ ሮበርት አልበርቲና ማይክል ኤመንስ የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች ነገሩን ከሕክምና ክፍል አውጥተው ለተራው አንባቢ በሚሆን መጽሐፍ አቀረቡት።

ስለዚህ ዛሬ የማንችለው ከሆነ ስላልተለማመድነው ሊሆን ይችላል፤ አልተፈጠረብንም ማለት አይደለም።

■ እኛ ለምን ይከብደናል?

አንዱ መልስ ይሉኝታ ነው። ቃሉ ራሱ ይናገራል፤ «ይሉኛል» ከሚለው የመጣ ነው። «ሰው ምን ይለኛል?» ማለት ነው።

ይሉኝታ ክፉ ነገር ብቻ አይደለም። ጎረቤት ሲያዝን ሬዲዮ የምንቀንሰው፣ እንግዳ ሳይበላ እጃችንን ወደ ማዕድ የማንሰደው በይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ቢስ ሰው ማንም አይወድም። ችግሩ የሚመጣው ይሉኝታው ሌላውን መጠበቁ ቀርቶ ራሳችንን መጉዳት ሲጀምር ነው። የማንችለውን ዕቁብ እንገባለን፤ የማናምንበትን ወረቀት እንፈርማለን፤ ያልገባንን የሐኪም ትእዛዝ «እሺ ዶክተር» ብለን እንወጣለን።

ሁለተኛው አስተዳደጋችን ነው። ብዙዎቻችን «ትልቅ ሰው ሲያወራ ዝም በል» እየተባልን አድገናል። ዝምታ ሲሞገስ ሰምተናል፤ «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ነገር ግን የዚያው ባህል አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ባህላችን ዝም በሉ ብቻ ብሎ አላስተማረንም። እኛ ነን አንዱን ተረት ይዘን ሌላውን የረሳነው።

ሦስተኛው የአነጋገር ልማዳችን ነው። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ስንል ኖረናል፤ ሰምና ወርቅ እንወዳለን። ይህ ለቅኔም ለጨዋታም ያምራል። ቀጥተኛ መልስ በሚያስፈልግበት ቦታ ግን መዘዝ አለው። «እናያለን»፣ «እስኪ እግዜር ያውቃል»፣ «ኢንሻላህ» ስንል ብዙ ጊዜ «አይሆንም» ማለታችን ነው። ሰሚው ግን «ተስማማ» ብሎ ይሄዳል። ነገ ደግሞ «ቃልህን በላህ» ይለናል። ላለማስቀየም ብለን የባሰ አስቀየምን ማለት ነው።

■ በጨዋ ደንብ መናገር ነፍስ ያስከፈለበት ጊዜ

ይሄ ነገር የጠባይ ማሳመሪያ ብቻ የሚመስለው ካለ የአቪዬሽን ታሪክን ይመልከት።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1978፣ 189 ሰዎችን የያዘ የዩናይትድ አየር መንገድ አውሮፕላን ወደ ፖርትላንድ ከተማ ሲቃረብ የማረፊያ ጎማው ችግር ያለበት መሰለ። ዋና አብራሪው ችግሩን ሲመረምርና ለድንገተኛ ማረፍ ሲያዘጋጅ አውሮፕላኑ ለአንድ ሰዓት ያህል በከተማዋ ዙሪያ ሲበር ቆየ። ነዳጁ እያለቀ መሆኑን የበታች ሠራተኞቹ ያውቁ ነበር፤ ጠቆም ጠቆምም አድርገዋል። ነገር ግን «አሁኑኑ ካላረፍን እንወድቃለን» ብሎ ረገጥ አድርጎ በጊዜ የተናገረ አልነበረም። ነዳጁ አለቀ፤ አውሮፕላኑ ወደቀ፤ 10 ሰዎች ሞቱ። አደጋውን የመረመረው የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ካወጣቸው ምክሮች አንዱ፣ ዋና አብራሪዎች የሌሎችን ሐሳብ መቀበልን፣ ረዳቶቹ ደግሞ ረገጥ አድርጎ መናገርን እንዲሠለጥኑ የሚል ነበር።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 1990 ደግሞ ከኮሎምቢያ ወደ ኒው ዮርክ የሚበር የአቪያንካ አውሮፕላን ከአንድ ሰዓት በላይ አየር ላይ ተራ እንዲጠብቅ ተደረገ። ረዳት አብራሪው ለመሬት ተቆጣጣሪዎች ነዳጅ እያለቀ መሆኑንና «ቅድሚያ» እንደሚያስፈልጋቸው ነገራቸው። «ድንገተኛ አደጋ ላይ ነን» የሚለውን፣ ተቆጣጣሪዎቹን ወዲያው የሚያነቃንቀውን ቃል ግን አልተጠቀመም። ከ158 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 73ቱ ሞቱ።

ልብ በሉ፤ በሁለቱም አውሮፕላኖች ውስጥ የነበሩት ሰዎች እውነቱን ያውቁ ነበር። የጎደለው አነጋገሩ ነው። ዛሬ አየር መንገዶች ይህን ሥልጠና የሙያው አካል አድርገውታል፤ የቆፍጣና ሠራተኛ ጠባይ እስኪመጣ አይጠብቁም፣ ያስተምሩታል። ታዲያ ሥልጠናው አለቃን መድፈር አያስተምርም። አለቃን በማዕረጉ ጠርቶ፣ ችግሩን በግልጽ ቃል ነግሮ፣ መፍትሔ አቅርቦ፣ ካልሰማ መድገምን ነው የሚያስተምረው።

■ እንዴት ይለመዳል?

1. ከ«አንተ» ይልቅ ከ«እኔ» ጀምሩ

«አንተ ሁልጊዜ ታረፍዳለህ፤ ለሰው ደንታ የለህም» ሲባል ሰሚው ወዲያው መከላከያ ይፈልጋል። «ዛሬ 40 ደቂቃ ብቻዬን ቆሜ ጠበቅኩህ፤ ተናድጃለሁ። ከአሁን በኋላ የምታረፍድ ከሆነ ቀድመህ ደውልልኝ» ሲባል ግን የሚክደው ነገር የለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ቶማስ ጎርደን ይህን ዘዴ በተለይ ለወላጆች በሰፊው አስተምሮታል። ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው፦ የሆነው፣ የተሰማኝ፣ የምፈልገው። «ሁልጊዜ» እና «በጭራሽ» የሚሉትን ቃላት አውጡ፤ ብዙ ጊዜ እውነት አይደሉም፣ ጠብም ይጠራሉ።

2. «እምቢ»ን አሳጥሩ

እምቢ ስንል የምንፈራ ከሆነ ምክንያት እንደረድራለን። «ቅዳሜ ልብስ ማጠብ አለብኝ፣ ደሞ እህቴ ትመጣ ይሆናል፣ ደሞ ወገቤን...» ምክንያት በበዛ ቁጥር ሌላው አንድ በአንድ ይፈታልናል፤ «እህትህማ እሁድ ትምጣ!» አንድ እውነተኛ ምክንያት ይበቃል። «ይቅርታ፣ ቅዳሜ አልችልም፤ ለቤተሰቤ የያዝኩት ቀን ነው።» የሚቻለውን ማከል ደግሞ ያምራል፦ «ሰኞ ግን ልረዳህ እችላለሁ።»

3. ጊዜ ግዙ

ብዙዎቻችን የምንጸጸትበትን «እሺ» የምንለው በድንገት ስንጠየቅ ነው። ስለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር በቃላችሁ ያዙ፦ «አስቤበት ነገ እነግርሃለሁ።» ዋስትና ፈርሙ፣ ብድር አበድሩ፣ ሽርክና ግቡ ስትባሉ እዚያው ቆማችሁ የመመለስ ግዴታ የለባችሁም። ግን ነገ ስትሉ ነገ መልሱ። ስልክ እያዩ አለማንሳት መልስ አይደለም።

4. እንደተቧጨረ ሸክላ ድገሙት

እ.ኤ.አ. በ1975 ማኑኤል ስሚዝ የተባለ ባለሙያ በመጽሐፉ ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። የተቧጨረ ሸክላ አንድ ቦታ ላይ እየተመለሰ ያንኑ እንደሚዘፍን፣ እናንተም ድምፅ ሳትጨምሩ ያንኑ ትላላችሁ።

«ይህችን ቻርጀር ትናንት ነው የገዛሁት፤ አልሠራም አለኝ። እንድትቀይርልኝ ነው።»
«የተሸጠ ዕቃ አንመልስም።»
«ገባኝ። ግን አንድ ቀን እንኳን አልሠራም፤ እንድትቀይርልኝ ነው።»
«አንተ ሰብረኸው ይሆናል።»
«አልሰበርኩትም። እንድትቀይርልኝ ነው የመጣሁት።»

ሁልጊዜ አይሳካም። ግን «ተወው በቃ» ብሎ በአንደኛው እምቢታ ከመመለስ ይልቅ ዕድሉ የሰፋ ነው፤ ደሞ ባይሳካም ቤታችሁ ስትገቡ «እንዲህ ባልኩት ኖሮ» እያላችሁ አታድሩም።

5. አንቱታውን አትጣሉ

ከውጭ የሚመጡ ምክሮች «ዓይን ዓይኑን እያየህ ተናገር» ይላሉ። እኛ ጋ ትልቅ ሰውን አፍጥጦ ማየት ድፍረት ነው። አትገልብጡት። አንገት ሰበር ማድረግና በግልጽ መናገር አብረው ይሄዳሉ። ዋናው ድምፃችሁ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ እንዳይሞት ነው፤ ብዙዎቻችን ዋናውን ጥያቄ የምናንሾካሹከው እዚያ ጋ ነው። አጎታችሁ ለሠርግ 20,000 ብር አምጣ ቢሏችሁ፦ «ጋሼ፣ እርስዎ ያሉኝን መፈጸም ደስ ይለኛል። 20,000 ግን አቅሜ አይደለም። 5,000 አዋጣለሁ፤ ለዝግጅቱም ሁለት ቀን መጥቼ እሠራለሁ» ማለት ይቻላል። «እርስዎ»ውም አለ፣ እውነቱም አለ።

ይህ በተለይ ውጭ አገር ላላችሁ ወገኖች ይሠራል። ገንዘብ ላክ ተብሎ «ሰሞኑን እልካለሁ» ማለት ለጊዜው ያስተነፍሳል። እናት ግን ያንን ተስፋ አድርጋ ከሱቅ ዱቤ ትወስዳለች። «እማዬ፣ በዚህ ወር አልችልም፤ በሚቀጥለው ወር ይህን ያህል እልካለሁ» የሚለው ሲነገር ቢከብድም እሷን ከዕዳ ያድናታል።

6. ከትንሹ ጀምሩ

የመጀመሪያ ልምምዳችሁ ከዋና ሥራ አስኪያጁ ጋር አይሁን። የታክሲ ረዳቱን «ወንድሜ፣ መልስ አልሰጠኸኝም» ከማለት ጀምሩ። ሌላ ቀን ባንክ ተራችሁን ሲገቡባችሁ «ይቅርታ እህቴ፣ ሰልፉ ከኋላ ነው» በሉ። ሐኪም ቤት «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ አልገባኝም፤ ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብላችሁ ድገማችሁ ጠይቁ። ለከባዱ ጉዳይ ስትዘጋጁ የምትሉትን ጻፉት፤ ከዚያ ብቻችሁን ሆናችሁ ጮክ ብላችሁ ተናገሩት። አፍ ያልለመደው ቃል በጭንቅ ሰዓት አይወጣም።

■ «ብጠይቅስ ማን ይሰማኛል?»

ከምናስበው በላይ ሰው ይሰማል። ፍራንሲስ ፍሊንና ቫኔሳ ሌክ የተባሉ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ተሳታፊዎች የማያውቋቸውን ሰዎች መጠይቅ እንዲሞሉላቸው እንዲለምኑ አደረጉ። አምስት ሰው ለማግኘት ስንት ሰው መጠየቅ እንደሚኖርባቸው አስቀድመው ሲገምቱ በአማካይ 20 ገደማ አሉ። በተግባር የበቃቸው 10 ገደማ ነበር። ጠያቂው «እምቢ ቢሉኝስ» የሚለውን ብቻ ያስባል፤ ተጠያቂው ደግሞ እምቢ ማለት እንደሚያሳፍረው ይረሳል።

■ መብቱን የሚያውቅ ድምፁ አይንቀጠቀጥም

ግማሹ በራስ መተማመን ከመረጃ ይመጣል። የሥራ ቦታን እንውሰድ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ክፍያው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራው የመደበኛው ሰዓት ክፍያ 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75 እጥፍ፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን 2 እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን 2.5 እጥፍ ነው። ይህ አዋጅ የመንግሥት ሠራተኞችን አይመለከትም፤ እነሱ የራሳቸው ሕግ አላቸው።

አሁን ሁለት ሠራተኞችን አነጻጽሩ። አንዷ «ኧረ በጣም እየደከመን ነው፣ እባክዎ ያስቡልን» ትላለች። ሌላዋ እንዲህ ትላለች፦ «ባለፈው ወር አራት እሁዶች ሠርቻለሁ፤ ቀኖቹን ጽፌ ይዣለሁ። በአዋጁ መሠረት በእጥፍ የሚከፈል ነው፤ የደሞዝ ወረቀቴ ላይ ግን አላየሁትም። ከዚህ ወር ደሞዝ ጋር እንዲከፈለኝ እጠይቃለሁ። መቼ መልስ ልጠብቅ?» ሁለተኛዋ አልተሳደበችም፤ አለቃዋንም አላዋረደችም። ግን ለአለቃው «እናያለን» የሚልበት ቀዳዳ አልተወችለትም። የመጨረሻዋን ጥያቄ ልብ በሉ፤ ቀን ያልተቆረጠለት ተስፋ ይረሳል።

■ ዝምታ ብልሃት የሚሆንበት ጊዜም አለ

እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር። ዱላ በሚያነሳ ባል ፊት፣ ፓስፖርቷን በያዘባት አሠሪ ቤት ያለች እህት፣ መሣሪያ በያዘ ሰው ፊት የቆመ መንገደኛ፣ «ረገጥ አድርገሽ ተናገሪ» የሚለው ምክር ሕይወት ሊያስከፍላቸው ይችላል። እዚያ ቦታ የሚቀድመው ደኅንነት ነው፤ መውጫ መፈለግ፣ የሚታመን ሰው መንገር፣ ማስረጃ መያዝ። ዝም ያለ ሰው ሁሉ ፈሪ አይደለም። ለተደፈረው መብትም ተጠያቂው የደፈረው እንጂ ዝም ያለው አይደለም።

ቤተሰብ ውስጥና ቢሮ ውስጥም ዋጋ ሊኖረው ይችላል፤ ሁሉ ሰው ግልጽ ንግግር አይወድም። ሁልጊዜ «እሺ» ስትሉ የለመዷችሁ ሰዎች በመጀመሪያው «አይሆንም» ይደነግጣሉ፤ «ተለወጥክ» ይሏችኋል። አትደንግጡ፣ አትቆጡም። በረጋ ድምፅ ያንኑ ድገሙት።

ሰሚዎችም ድርሻ አለን። አለቃ፣ ወላጅ ወይም አስተማሪ ከሆናችሁ፣ መጥፎ ዜና ይዞ የመጣውን ሰው እንዴት እንደምትቀበሉት ሌሎቹ ያያሉ። አንዴ የተቆጣችሁበት ሠራተኛ ሁለተኛ አይመጣም፤ ነዳጁ ሲያልቅ የምትሰሙት ከመሬት ጋር ስትጋጩ ይሆናል። ልጃችሁ «አባዬ፣ ይሄ ልክ አይመስለኝም» ሲል «ዝም በል» ከማለታችሁ በፊት አንዴ አስጨርሱት። ውጭ ክፉ ሰው ሲያባብለው «እምቢ» የሚልበትን አፍ የሚያሟሸው እናንተ ጋ ነው።

ይሉኝታችን ይቆይልን፤ ለሌላው ማሰብ ያስከብረናል። ግን «ሰው ምን ይለኛል?» ብለን ስንጠይቅ፣ «እኔስ ለራሴ ምን እላለሁ?» የሚለውን አብረን እንጠይቅ። በዚህ ሳምንት ስታዘገዩት የቆያችሁትን አንድ ንግግር ምረጡ። ትንሽ ይሁን። ጻፉት፣ ተለማመዱት፣ ከዚያ በአክብሮት ተናገሩት።

እናንተ ለመናገር በጣም የሚከብዳችሁ ለማን ነው? ለአለቃ፣ ለቤተሰብ ወይስ ለጓደኛ? ሐሳባችሁን አካፍሉን፤ «እምቢ ማለት አልችልም» ለሚል ወዳጃችሁም አድርሱለት።